ለቅሶ ቤት ውስጥ ካሜራ፦ አጭር የሐዘን ሆረር (አስፈሪ ፊልም) ደሴ ላይ በስልክ እንዴት ይሠራል

የመጀመሪያ ፊልማችንን የቀረጽነው ሆጤ አካባቢ፣ አንድ ጓደኛችን በተከራየው ቤት ነበር። ትዕይንቱ ቀላል ነው። እናት የልጇን መርዶ ትሰማለች፣ ትጮሃለች፣ በቃ። ተዋናይዋ ጎበዝ ናት፤ ከአንጀቷ ጮኸች። እኔ ደግሞ አልጣመኝም ብዬ ሁለቴ አስደገምኳት። ሦስተኛው ላይ የግቢው በር ተንኳኳ።

ስከፍተው ሰፈሩ ደጅ ላይ ቆሟል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። አንዲት እናት ከመቸኮላቸው የተነሳ የግራና የቀኝ ጫማቸው ለየቅል ነው። አንድ አዛውንት ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ ቀስ ብለው «ማን ነው ልጄ? መቼ ነው?» አሉኝ። አንዱ ጎረምሳ የቅሬውን፣ የሰፈሩን ዕድር ማለቴ ነው፣ የድንኳን ቁልፍ ሊያመጣ ቀድሞ ሮጧል።

«ፊልም ነው» አልኩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አዛውንቱ ዝም ብለው አዩኝ። ከዚያ «በሉ እንግዲህ ቡና አፍሉ፣ ከወጣን አይቀር» ብለው ገቡ።

ያን ዕለት ከቀረጽነው አንድም ምስል ፊልሙ ውስጥ አልገባም። ግን አንድ ነገር ገባኝ። ደሴ ላይ ጩኸት አያስፈራም። ጩኸት ሰው ይጠራል፤ ሰው ሲመጣ ደግሞ ፍርሃቱ ይሄዳል። የሚያስፈራው ከጩኸቱ በፊት ያለው ነው፤ ሁሉም አውቆ አንድ ሰው ብቻ ያላወቀበት ሰዓት።

ከዚያ ወዲህ ሦስት አጫጭር ፊልሞች ሠርተናል። ሁሉም ስለ ቤተሰብ ሐዘንና ስለ ተበላሸ ቤት ናቸው፤ ሁሉም ሊያስፈሩ የተሠሩ ናቸው። ሁለቱ ያስፈራሉ። አንዱ ያስቃል፣ እሱን ማንም እንዳያይ ደብቀነዋል። እኛ የወደቅንበት ጉድጓድ ሌላው እንዳይገባበት ብዬ አካሄዱን ልጻፍላችሁ። የሚያስፈልጋችሁ ሁለት ስልክ፣ አንድ ቤት፣ ሦስት ሰውና ሁለት ቅዳሜና እሑድ ነው።

1. ሁለት ፊልም እዩ፣ እስክሪብቶ ይዛችሁ

በቤተሰብ ሐዘን ላይ የተሠሩ ሆረሮች ብዙ ናቸው። ለትምህርት ሁለት ይበቃል። ያላያችኋቸው ከሆነ አስቀድሜ ጥቂት ነገር ልገልጥባችሁ ነው፣ ይቅርታ።

አንዱ የአውስትራሊያው «ዘ ባባዱክ» ነው፤ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2014። ባሏ የሞተባት እናት ከትንሽ ልጇ ጋር ብቻዋን ትኖራለች። ባልየው የሞተው ምጥ ይዟት ወደ ሆስፒታል ሲወስዳት መኪናው ተጋጭቶ ነው። እንግዲህ የልጁ ልደት የአባቱ ሙት ዓመት መሆኑ ነው። ልደቱን በቀኑ አክብራለት አታውቅም። የባሏን ዕቃ ሁሉ ምድር ቤት ቆልፋበታለች። ጭራቁ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ባይመጣ እንኳ ያ ቤት ያስፈራል፤ ይህን ልብ በሉ።

ሁለተኛው «ሄሬዲታሪ» ነው፤ እሱ እ.ኤ.አ. በ2018 ወጣ። እዚያ እናትየዋ ትንንሽ ቤቶችን ከነዕቃቸው ትሠራለች፤ ሥራዋ ነው። ፊልሙ ሲጀምር ካሜራው ወደ አንዱ ትንሽ ቤት ይጠጋል፣ ይጠጋል፤ ድንገት ክፍሉ እውነተኛ ክፍል ሆኖ አባትየው ልጁን ለአያቱ ቀብር ሊቀሰቅስ ይገባል። ያ ቤተሰብ ገና ከመጀመሪያው አሻንጉሊት ነው። ቆይቶ ሌላ ሞት ይመጣል። ከዚያ በኋላ የራት ትዕይንት አለ። ሰዎች ይበላሉ፣ ሹካ ይንቀሳቀሳል፣ የሆነውን ነገር የሚያነሳ የለም። እናት ስትፈነዳ መንፈስ የለም፣ ደም የለም። ግን ሰው ከወንበሩ ላይ ይሸሻል።

ስታዩ ሦስት ነገር ጻፉ። ማን ምን ያውቃል? ማን ምን አይናገርም? የሟቹ የሆነው ዕቃ የት ተቀምጧል? ከዚያ ድምፁን አጥፍታችሁ ደግማችሁ እዩት። በሙዚቃ ብቻ ያስደነገጣችሁን ቦታ ወዲያው ትለያላችሁ። እሱን አትቅዱ፤ እኛ እንደዚያ ዓይነት ሙዚቃ መሥራት አንችልም።

አንድ ነገር ልጨምር። ዘመድ ሞቶበት አርባው ያልወጣ ሰው ቤት ፊልሙን ይዛችሁ አትሂዱ። «ኧረ እኔ አልፈራም» ቢልም።

2. ጭራቁን ተዉት፣ ምሥጢሩን ፈልጉ

ጀማሪ ሁሉ የሚጠይቀው «መንፈሱ ምን ይመስላል?» ብሎ ነው። እኔም ጠይቄያለሁ። የሚያስቀው ፊልማችን የመጣው ከዚያ ነው፤ በዱቄት ፊቱን የቀባ ልጅ ኮሪደር ላይ ቆሞ ያስነጥሳል።

ለዚህ ዓይነት ፊልም እኛ ቤት የተዘጋጀ ነገር አለ፤ መርዶ። ሰው ሩቅ አገር ይሞታል። ወሬው ለጎረቤት ይደርሳል፣ ለአጎት ይደርሳል፣ ለቅሬው ይደርሳል። ለእናት አይደርስም። ሽማግሌዎቹ ተማክረው አንድ ንጋት ይመርጣሉ። እስከዚያ ድረስ ቤቱ ውስጥ ቲያትር ነው። ስልኳን «ኔትወርክ የለም» ብለው ይወስዱባታል። ልጆቹ ፌስቡክ ላይ ምንም እንዳይለጥፉ ይነገራቸዋል። ከሩቅ የመጣው ዘመድ «ለጉዳይ ነው ብቅ ያልኩት» ይላል። አንዷ ጎረቤት ያለወትሮዋ ቤቱን ትጠርጋለች። ማታ ላይ ደግሞ ሁሉም እናትየዋን ብዪ ይሏታል። «አንዲት ጉርሻ፣ በሞቴ!» ነገ እንደማትበላ ያውቃሉዋ።

ይህን ስጽፍ እንኳ ክንዴን ወረረኝ። መንፈስ ምን ይጨምራል?

ልማዱ ራሱ ክፉ አይደለም፤ ከፍቅር የመጣ ነው። ፊልሙ የሚጀምረው ልማዱ ከልክ ሲያልፍ ነው። ስለዚህ ግማሽ ገጽ ላይ እነዚህን ጻፉ፤ ማን ሞተ? ማን ያውቃል? ማን አያውቅም? ስንት ቀን ተደበቀ? የመጨረሻው ጥያቄ «ለምን?» ነው። የቤተሰቡ ብልሽት ያለው እዚያ ውስጥ ነው።

የእኛ ሁለተኛ ፊልም እንዲህ ነበር። እህት ዓረብ አገር ሄዳ ትሞታለች። መርዶው የሚደርሰው ለወንድም ብቻ ነው። ለእናቱ አይነግራትም። ሦስት ቀን አይደለም፣ ሰባት ወር። እናት ማንበብ አትችልም። ስለዚህ እሱ በየሳምንቱ ከእህቱ የመጣ መልእክት እያስመሰለ ያነብላታል። ለምን? ደላላውን ያመጣው እሱ ነበር። ይህን ፊልሙ ውስጥ ማንም አይናገርም። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ደላላው መንገድ ላይ ሰላም ይለዋል፣ ልጁ እጁን ኪሱ ውስጥ ያስቀራል።

እዚህ ላይ ድንበር አስምሩ። የጎረቤት እውነተኛ ታሪክ አትውሰዱ፤ ደሴ ትልቅ ከተማ ትመስላለች እንጂ ሁሉም ይተዋወቃል። በ2014 ዓ.ም. ደሴና ኮምቦልቻ ያለፉበትን ጦርነትም ለማስፈሪያ አትጠቀሙበት። ስንቱ ቤት ቁስሉ ገና እርጥብ ነው። ዛርና ቡዳንም ተዉት ባይ ነኝ። ለአንዱ ፊልም ይሆናል፣ ለሌላው አያቱ የኖሩበት ነገር ነው።

3. ስክሪፕት፦ «ሞተ» የሚለው ቃል ክልክል ነው

በተለምዶ አንድ ገጽ ስክሪፕት አንድ ደቂቃ ያህል ይሆናል። ስምንት ገጽ ጻፉ። ከዚያ በላይ ከሆነ ሁለተኛው ቅዳሜና እሑድ አይበቃችሁም።

ሕጉ አንድ ነው። ከገጸ ባሕርያቱ አንዳቸውም «ሞተች» አይሉም። ቃሉን ስታወጡት ሁሉም ነገር ወደ ዕቃና ወደ ምግብ ይዞራል። ይህ ከፊልማችን ነው፤ እናትና ልጅ ራት ላይ ናቸው።

እናት፦ እህትህ ትናንት ማታ ደወለች።
ልጅ፦ (እንጀራውን እየቆረሰ) በየትኛው ስልክ?
እናት፦ በርዶኛል አለችኝ።
ልጅ፦ እዚያ አገር ሙቀት ነው፣ እማዬ።
እናት፦ እኔም እንደሱ አልኳት።

የመጀመሪያው ረቂቅ ላይ ከዚህ በኋላ ልጁ «እንዴት ልትደውል ትችላለች?!» ብሎ ይነሳ ነበር። አወጣነው። አሁን ዝም ብሎ ይጎርሳል። መዋጥ ግን ያቅተዋል። ተመልካቹ የሚያየው ጉሮሮውን ነው።

የጻፋችሁትን ቡና ላይ ጮክ ብላችሁ አንብቡ። ሰው «ምን ማለቱ ነው?» ካለ ጥሩ ነው። «አሃ፣ ስለዚህ...» ብሎ ካብራራላችሁ ግን አብዝታችኋል፤ ቀንሱ።

ቤቱ የሙስሊም ነው የክርስቲያን? ቀድማችሁ ወስኑ። ሠልስትና አርባ የሚቆጥር ቤትና ሶደቃና ዱዓ የሚያወጣ ቤት ዝርዝሩ አንድ አይደለም። ወሎ ላይ ደግሞ ሁለቱም አንድ ቤት ውስጥ መኖራቸው ብርቅ አይደለም፤ አያት ሙስሊም፣ የልጅ ልጅ ክርስቲያን። እንዲህ ካደረጋችሁ በጣም ያምራል። ግን ከየእምነቱ አንድ አንድ ትልቅ ሰው ስክሪፕቱን ይስማላችሁ። እኛ አንዲት ቃል ተሳስተን አንዲት ዱበርቲ፣ ዱዓ የሚያደርጉ ትልቅ እናት፣ አርመውናል። ሳቁብን እንጂ አልተቆጡም።

4. ቤት ምረጡ

አዲስ ኮንዶሚኒየም አይሆንም። ድምፁ ባዶ ነው፣ ግድግዳው ምንም አያስታውስም። የምትፈልጉት የቆየ የደሴ ቤት ነው፤ የጭቃ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ የጨርቅ ኮርኒስ። ኮርኒሱ ላይ አይጥ ቢሮጥ ይመረጣል። እየቀለድኩ አይደለም፣ ድምፅ ላይ እመለስበታለሁ።

ዋናው ነገር ሳሎኑና ጓዳው ናቸው። ካሜራው አንድ ቦታ ላይ ቆሞ ሁለቱን ማየት አለበት። በመካከላቸው በር ካለ አውጡትና መጋረጃ ስቀሉበት። በር ወይ ክፍት ነው ወይ ዝግ ነው። መጋረጃ ግን ንፋስ ሲነካው ሰው ያለ ይመስላል። ነፃ ትወና ነው።

ከዚያ የሟቿን ዕቃ አስገቡ። አንድ ብቻ። እኛ የተጠቀምነው ከዓረብ አገር የተላከ ትልቅ ብርድ ልብስ ነው፤ ከነላስቲኩ፣ ያልተከፈተ፣ ቁም ሳጥኑ ላይ። በየትዕይንቱ አለ። ማንም አይነካውም። እናትየዋ «በርዶኛል አለችኝ» ካለች በኋላ ባለው ትዕይንት ላስቲኩ ተቀዶ ይታያል። ከዚያ በላይ ምንም አላሳየንም። ለወጪ የሚጨነቅ ሰው ይህን ያስብበት፤ ብርድ ልብሱን ተዋስነው።

የፎቶ ነገር ግን ያስቸግራል። የሟች ፎቶ ግድግዳ ላይ ያስፈልጋችኋል። በሕይወት ያለ ሰው ፎቶውን ለዚህ አይሰጣችሁም፤ ሟርት ነው። ቢሰጣችሁ እንኳ እናቱ ከሰማች አለቀላችሁ። እኛ ፍሬም ተውሰን ጀርባዋን የሰጠች ልጅ ከሩቅ አንስተን አስገባንበት። ፊቷ አይታይም። እንዲያውም ይሻላል። ቤተሰቡ ፊቷን እየረሳ ነውና።

5. ለቅሬው ንገሩ

ከላይ የነገርኳችሁን አትድገሙ። ከቀረጻው አንድ ቀን በፊት የቅሬውን ዳኛ ቤታቸው ሄዳችሁ አናግሩ። ስልክ አይበቃም። «ነገ ከጠዋት እስከ ማታ እዚህ ግቢ ፊልም እንቀርጻለን፣ ለቅሶ ብትሰሙ የእኛ ነው» በሉ። የግራና የቀኝ ጎረቤትንም እንደዚሁ። በቀረጻው ቀን አንድ ሰው በር ላይ ይቀመጥ። ሥራው አላፊውን «ፊልም ነው፣ ደህና ነን» ማለት ብቻ ነው። መንገድ ላይ የምትቀርጹ ከሆነ ደግሞ ቀበሌ ጎራ በሉ።

ጩኸት የግድ ካስፈለጋችሁ ለብቻው ቅረጹት። መስኮቱ የተዘጋ መኪና ጥሩ ስቱዲዮ ነው። እኛ ወደ ኮምቦልቻ በሚወስደው መንገድ፣ ሐረጎ ጋ ዳር ይዘን ቆመን ቀረጽን። ተዋናይዋ ኋላ ወንበር ላይ ጋቢ ተከናንባ ጮኸች። ሾፌሩ ጓደኛችን ከዚያ በኋላ ማታ ማታ በዚያ መንገድ አልነዳም ብሎናል።

6. ብርሃንና ካሜራ

ስልኩ ውድ መሆን የለበትም። የካሜራው ቅንብር ግን ይወስናል። በአንድሮይድ «ኦፕን ካሜራ» የሚባለው ነፃ መተግበሪያ ብዙውን ነገር ይፈቅድላችኋል። «ብላክማጂክ ካሜራ»ም በነፃ ይገኛል፤ የሚቀበሉት ስልኮች ግን የተወሰኑ ናቸው።

የእኛ አገር መብራት 50 ኸርዝ ነው። ስለዚህ በሰከንድ 25 ፍሬም (ምስል) ቅረጹ፣ ሹተሩን፣ ማለትም እያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ፣ 1/50 ሰከንድ ላይ አድርጉ። በ30 ብትቀርጹ አንዳንድ አምፖል ስር ምስሉ ላይ መስመር እየተንሸራተተ ያልፋል። የመጀመሪያ ፊልማችን ግማሹ እንደዚያ ነው። «መንፈስ ነው» ብለን ልናልፈው ሞክረን ነበር።

ፎከሱንና የብርሃን መጠኑን ቆልፉ። አብዛኛው ስልክ ላይ ስክሪኑን ነክታችሁ ስትቆዩ ይቆለፋል። ካልቆለፋችሁት ተዋናዩ በመስኮት ፊት ባለፈ ቁጥር ክፍሉ ይጨልማል፣ ይበራል። ከዚያ ብርሃኑን በጣት ወደ ታች ጎትቱት። ስልክ ጨለማን አይወድም፤ ሁሉንም ነገር አብርቶ ሠርግ ያስመስለዋል። የፊቱ ግማሽ ጥላ ውስጥ እስኪገባ አጨልሙ።

አንድ ብርሃን ብቻ ተጠቀሙ። ቀን ከሆነ መስኮት። የቀረውን መስኮት በብርድ ልብስ ሸፍኑ። ማታ ከሆነ አንድ አምፖል ወይም ሻማ። መብራት ቢጠፋባችሁ አትበሳጩ፤ እኛ ምርጡን ሾት ያገኘነው መብራት ጠፍቶ፣ ጓዳ ውስጥ በቀረች አንዲት ሻማ ነው። ፓወር ባንክ ግን ከዋዜማው ሞልታችሁ ያዙ።

መስኮት አጠገብ ዕጣን አጭሱና በሩን ዝጉ። አንድ ሁለት ደቂቃ ጠብቁ። ጭሱ ሲሰራጭ የብርሃኑ መንገድ አየሩ ላይ ይታያል። ትልልቆቹ ስቱዲዮዎች ለዚህ ማሽን ይጠቀማሉ። እኛ ማጨሻ አለን።

ካሜራውን የት ታስቀምጡታላችሁ? ለቅሶ ቤት ሰው መሬት ላይ ነው የሚቀመጠው፤ ፍራሽ ይነጠፋል። ስለዚህ ሌንሱ መሬት ላይ የተቀመጠ ሰው ዓይን ከፍታ ላይ ይሁን፤ ከመሬት 70 ሴንቲ ሜትር ገደማ። ትራይፖድ ከሌላችሁ በርጩማ ላይ የሩዝ ከረጢት አድርጋችሁ ስልኩን ሰካ አድርጉት። የቆመ ሰው ሲገባ ጭንቅላቱ ከፍሬሙ ውጪ ይቀራል። እንዲቀር ተዉት። እግር ብቻ ገብቶ ሲቆም ማን እንደሆነ አታውቁም፤ ለቅሶ ላይ የተቀመጠ ሰው የሚያየውም እሱን ነው።

ካሜራው አይንቀሳቀስ። ይህን በትዕዛዝ መልክ ነው የምለው። ተዋናዩ ሲወጣ ባዶውን ክፍል አሥር ሰከንድ ቅረጹ። አሰልቺ ይመስላል። ቤት ገብታችሁ ስታዩት መጋረጃውን ማየት አታቆሙም።

ስለ ጭጋግ። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት። ክረምት ላይ፣ ሐምሌና ነሐሴ፣ ጠዋት የጦሳ ተራራ ራሱ የለም። ጎረቤት የለም። መርዶ ነጋሪዎቹ ከዚያ ውስጥ አንድ በአንድ ሲወጡ ለመቅረጽ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ዝግጁ ሁኑ። ነጭ ጋቢ ጭጋግ ውስጥ ይጠፋል፤ መጀመሪያ የሚታየው ከዘራው ነው። ያንን ሾት ለማግኘት ሦስት ጠዋት ተመላልሰናል፤ ጭጋግ ቀጠሮ አያከብርም።

ውጭ ቆይታችሁ ቡና ወደሚፈላበት ክፍል ስትገቡ ሌንሱ ላብ ይይዛል። ስልኩን ከመግባታችሁ በፊት በላስቲክ ጠቅልላችሁ አስገቡትና ሃያ ደቂቃ ጠብቁ። በነጠላ መጥረግ ያባብሰዋል። ብርድ ባትሪም ይበላል፤ በመሃል በመሃል ስልኩን ብብት ውስጥ ማቆየት ነው።

ፀሐይዋ ከጦሳ ጀርባ ስትገባ ከተማው ቶሎ ይጨልማል። የከሰዓት ትዕይንት ካላችሁ አትዘግዩ። ሞቃትና ደረቅ ብርሃን ከፈለጋችሁ ኮምቦልቻ ውረዱ፤ ከአንድ ሰዓት ያነሰ መንገድ ነው፣ አየሩ ግን ሌላ አገር ነው። እህትየዋን በሕይወት ሳለች ያሳየንባትን አንዲት ሾት እዚያ ነው የቀረጽናት።

7. ድምፅ

ጀማሪ ምስሉን ያያል፣ ተመልካች ድምፁን ይሰማል። ሁለተኛውን ስልክ ማይክ አድርጉት። ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉና ከተዋናዩ አጠገብ፣ ትራስ ስር ወይም ነጠላ ውስጥ ደብቁት። ሁለቱም ስልኮች ሲጀምሩ አንድ ጊዜ አጨብጭቡ። ኤዲት ስታደርጉ ጭብጨባውን ከጭብጨባው ጋር ታገጥማላችሁ።

ንግግር ያለበትን ሁሉ ከሰዓት በፊት ጨርሱ። ክረምት ላይ ዝናቡ የሚያዘወትረው ከሰዓት ነው፤ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ከጀመረ ንግግር የሚባል ነገር የለም። ከዘነበ ግን ስልኩን አትዝጉ። አሥር ደቂቃ ዝናብ ቅረጹና አስቀምጡ፤ ለሁሉም ፊልም ይሆናል።

አዛንና የቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያ ደሴ ላይ የግድ ይገባሉ። መሃል ላይ ከጀመረ ቁሙ። ቆርጣችሁ ስትቀጥሉት አዛኑ ይዘላል፣ የሚሰማ ሁሉ ያውቃል። እኛ ንጋት ላይ ሁለቱም ድምፆች የሚያበቁበትን ቅጽበት ለብቻ ቀረጽን። ከዚያ በኋላ ያለውን ጸጥታ ለመርዶው አዋልነው።

የአይጡ ነገር። ሌሊት ስልኩን ቁም ሳጥን አናት ላይ አድርጋችሁ ተኙ። ጠዋት ኮርኒሱ ላይ የሚሮጥ ነገር ታገኛላችሁ። ፍጥነቱን ግማሽ ስታደርጉት ሰው የሚራመድ ይመስላል። ለተዋናዮቹ ምን እንደሆነ አትንገሯቸው።

ሙዚቃ ባይኖር ደስ ይለኛል። ሁሉም «ትዝታ እናድርግበት» ይላል፤ ወሎ ሆነን፣ አምባሰልና ባቲ ከአገራችን ስማቸውን ያገኙ ቅኝቶች ሆነው፣ ፈተናው ይገባኛል። ግን ትዝታ ሲገባ ተመልካቹ ማዘን ይጀምራል፤ አዘነ ማለት መፍራት አቆመ ማለት ነው። የግድ ከሆነ የምታውቁት መሰንቆ መቺ አንዲት ድምፅ ይሳብላችሁ። ረዥም፣ ብቻዋን።

8. ሰው አትጉዱ

ቀረጻ ከመጀመሩ በፊት እያንዳንዱን ተዋናይ ለብቻው «በቅርብ የሞተብህ ሰው አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። ከሌሎች ፊት አይሆንም። ልጅ የሞተባትን እናት ለዚህ ሚና አትጥሩ፣ ጎበዝ ብትሆንም። አንድ ቃል ተስማሙ፤ ያ ቃል ከተባለ ካሜራው ይቆማል፣ ጥያቄ የለም። የእኛ ቃል «ሽሮ» ነበር። አንድ ጊዜ ተብሏል። ቆምን፣ ቡና ጠጣን፣ በማግስቱ ቀጠልን።

9. ኤዲት

ካፕከት ይበቃል። ኮምፒውተር ካላችሁ ዳቪንቺ ሪዞልቭ ነፃው ከበቂ በላይ ነው። ሁሉንም በተራው ደርድሩና እዩት፤ ይደብራችኋል። የእኛ 14 ደቂቃ ነበር፤ 7 ሆነ። መጀመሪያ የወጣው መንፈሱ ነው። አዎ፣ ቀርጸነው ነበር፤ አልቻልንም መተው። ነጭ የለበሰች ልጅ መጋረጃው ጀርባ ቆማ። ስናወጣት መጋረጃው ብቻ ቀረ፣ ክፍሉ በአንዴ ቀዘቀዘ።

ሌላው ምክሬ አጭር ነው። ሰው ተናግሮ ሲጨርስ አትቁረጡ። የሰማው ሰው ፊት ላይ ሁለት ሰከንድ ጨምሩ።

10. ማሳየትና መመለስ

መጀመሪያ ለቤቱ ባለቤት አሳዩ። ፍላሽ ላይ አድርጋችሁ በቲቪያቸው። የቅሬውንም ዳኛ ጥሩ። የዚያ ቀኑ አዛውንት መጥተው ነበር። ራቱ ትዕይንት ላይ «ኧረ ንገራት አንተ!» ብለው ቲቪው ላይ ጮኹ። ከዚያ የተሻለ ግምገማ አልደረሰንም።

ከዚያ ዕቃ መመለስ ነው። ወንበሩ በቁጥር፣ ነጠላው ታጥቦ፣ ብርድ ልብሱ በአዲስ ላስቲክ። ፍሬሙ ላይ ግን እኛ ጥፋት ሠርተናል። የሰጡን እትዬ ከውስጡ የራሳቸውን ፎቶ ሳያወጡ ነበር ያዋሱን፤ እኛ አውጥተን የሆነ ቦታ አስቀመጥነው። ስንመልስ ባዶውን መለስንላቸው። ተቀብለው ገልበጥ አድርገው አዩት፣ ምንም አላሉም። ፎቶው የባለቤታቸው ነበር። ሦስት ቀን ፈልገን የስክሪፕቱ ወረቀቶች መሃል አገኘነው። ስለዚህ የተዋሳችሁት ፍሬም ውስጥ ፎቶ ካለ ወዲያው ፖስታ ውስጥ ክተቱት፣ የማን እንደሆነ ጻፉበት፣ ፖስታውንም እዚያው ፍሬሙ ጀርባ ላይ በፕላስተር ለጥፉት።